ሁለት በር፣ ሁለት ውል፦ የለንደን ካውንስል ቤት ከ16 ዓመት ኑሮ በኋላ

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ሁለቱን ልጆቿን ይዛ። ልጆቹ ኮሪደሬ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሮጡ ትንሽ ዝም ብላ አየቻቸውና «አንቺ ሦስት መኝታ ቤት ይዘሽ ብቻሽን ትኖሪያለሽ፤ እኔ ሁለት ልጅ ይዤ በአንድ ስቱዲዮ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይሄ ልክ ነው ትያለሽ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፣ ደክሟት ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ቶናውን ቀዳሁና ወሬ ቀየርኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ሰው ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ አየር መንገድ አስተያየቱን ይጽፋል። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት ስለተጠቀምኩበት አገልግሎት፣ ስለ ካውንስል ቤት (የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በርካሽ ስለሚያከራየው ቤት) ልጻፍ። ለእሷም መልስ ይሆነኛል፤ «ካውንስል ቤት ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ» እያላችሁ ለምትጠይቁኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የካውንስሌን ስም አልጠራም።

እንዴት እንደገባሁ ልጀምር። ወረቀት ያገኘሁት በ2004 ነው። ደስታው ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም፣ ምክንያቱም ወረቀት ሲገኝ ከስደተኛ መጠለያው በ28 ቀን ውስጥ መውጣት ግድ ነበር። ወንድ ልጄ 6፣ ሴቷ 2 ዓመቷ ነበር። ካውንስል ሄጄ ቤት የለኝም ብዬ ተመዘገብኩ። መጀመሪያ ሆስቴል፣ ከዚያ ቴምፖራሪ (ቋሚ ቤት እስኪገኝ የሚሰጥ ጊዜያዊ ማረፊያ)፣ ከዚያ ሌላ ቴምፖራሪ፣ ከዚያ ሌላ። በአምስት ዓመት አራት ጊዜ ዕቃ አሰርኩ። ልጄ ሦስት ትምህርት ቤት ቀየረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጓደኛ መያዝ ተወ። «እንሄድ የለ እንዴ» አለኝ። ይሄን እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ ቢዱ አለ። ለማታውቁት፣ በብዙ ካውንስሎች ቤት እንዲሁ አይሰጥም። እንደ ችግራችሁ ክብደት ባንድ፣ ማለትም የቅድሚያ ደረጃ፣ ይሰጣችኋል፣ በየሳምንቱ ባዶ የሆኑ ቤቶች ይወጣሉ፣ እናንተ የምትፈልጉትን ትመርጡና ስማችሁን ታስገባላችሁ። ቢድ ይባላል እንጂ ገንዘብ የሚጫረቱበት አይደለም፤ የሚወዳደረው ባንዱና የጠበቃችሁበት ጊዜ ነው። ለአንድ ቤት 112ኛ ሆኜ አውቃለሁ። ከዚያ 47ኛ። ከዚያ 9ኛ። ዘጠነኛ የሆንኩ ቀን መጋረጃ በልቤ መርጬ ነበር። አልደረሰኝም። በ2009 የፀደይ ወር ላይ ግን ተደወለልኝ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት መኝታ፣ ሊፍት አለው። ግድግዳው ቆሽሿል፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሉ። የመጀመሪያው ዓመት የሙከራ ነው። ዓመቱ በሰላም ካለፈ ሴኪዩር ቴናንሲ የሚሉት ይሆናል። ማለትም ኪራይህን እየከፈልክ፣ ጎረቤት ሳታውክ፣ እዚያው እየኖርክ እስካለህ ድረስ ካውንስሉ ተነስቶ ልቀቅ ሊልህ አይችልም። ፍርድ ቤት መሄድ አለበት፣ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያትም ማቅረብ አለበት። ይሄ መብት ሕግ ሆኖ የወጣው በ1980 ነው። የሚገርመው ያው ሕግ ነው ተከራይ የካውንስል ቤቱን በቅናሽ እንዲገዛ የፈቀደውም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ይሄ ወረቀት ምን ገዛልኝ? ልጄ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልቀየረም። ጓደኛ ያዘ። እኔ ከጽዳት ሥራ ማታ ማታ ተምሬ የነርስ ረዳት ሆንኩ። የፎቁን አሮጊት ሆስፒታል ማን እንደሚያደርስ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለበት፣ ለቅሶ ሲኖር ማን ወንበር እንደሚያወጣ የምናውቅ ሰዎች ሆንን። ይሄ በስድስት ወር ውል አይመጣም። በ1945 የመጣው መንግሥት ቤት እንዲያሠራ ኃላፊነት የሰጠው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን የካውንስል ቤት የድሃ መሰብሰቢያ እንዳይሆን ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ዶክተሩም፣ ሥጋ ሻጩም፣ የቀን ሠራተኛውም በአንድ መንገድ ላይ እንዲኖሩ ነበር ሐሳቡ። እኔ ብሎኬን ሳይ ትንሽ ትንሽ ይታየኛል።

ነገር ግን ከእኔ በር አራት እርምጃ ላይ ሌላ በር አለ።

እዚያ የምትኖረው ሐበሻ ናት፣ ከእኔ በ15 ዓመት ታንሳለች፣ እትዬ ነው የምትለኝ። በ2014 ገባች። ያው ፎቅ፣ ያው ካውንስል፣ ያው ዓይነት ኩሽና። ውሏ ግን የአምስት ዓመት ነው። ምክንያቱም በ2011 የወጣው ሕግ ካውንስሎች ለአዲስ ገቢዎች የተወሰነ ጊዜ ውል እንዲሰጡ ፈቀደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግምገማ አለ፤ ገቢሽ ስንት ነው፣ ስንት ክፍል ትፈልጊያለሽ፣ አሁንም ቤቱ ይገባሻል ወይ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ቤት ጠፍቷል፣ የተሻለው ይውጣ፣ የባሰበት ይግባ። የአክስቴ ልጅም የምትለው ይሄንኑ ነው።

እኔ ግን ከአራት እርምጃ ላይ ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። በ2017 የሥራ ቦታዋ ላይ ሱፐርቫይዘር ሁኚ አሏት። ሌሊቱን ስታስብ አድራ በማግስቱ እምቢ አለች። «እትዬ፣ ደሞዙ ከፍ ካለ ገምግመው ቢያስወጡኝስ? ጭማሪው የግል ኪራይ ልዩነቱን ሩቡን አይሸፍንም» አለችኝ። ልክ ናት፣ ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ልጇን የሰፈሩ ኳስ ቡድን ውስጥ ለማስመዝገብ እንኳ ስታመነታ አይቻለሁ። ቤቱን ቀለም አልቀባችም። ለምን ትቀባዋለች? የእሷ ቤት መሆኑን ማን ነገራት?

እንዲያውም ነገሩ ከዚህም ይከፋ ነበር። በ2016 የወጣው ሕግ ይሄን የጊዜ ውል ለካውንስሎች ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሊያደርገው ነበር። በዚያው ሕግ ላይ ሌላም ነበረበት፦ ለንደን ውስጥ የቤተሰብ ገቢው ከ40,000 ፓውንድ ያለፈ ተከራይ ኪራዩ ወደ ገበያው ዋጋ ከፍ ይበልበት የሚል። 40,000 ማለት እኮ አንድ አውቶቡስ ነጂና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልና ሚስት ናቸው! የኪራይ ጭማሪው ግዴታ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተተወ፣ የጊዜ ውሉን ግዴታ ደግሞ መንግሥት በ2018 አልተገብረውም አለ። ከዚያ ብዙ ካውንስሎች ራሳቸው የአምስት ዓመቱን ነገር ጣሉት። የእኛም ጣለው። ጎረቤቴ ደብዳቤውን ይዛ በሬን ስታንኳኳ እያለቀሰች ነበር። በሳምንቱ ሳሎኗን ቀለም ቀባች። ሱፐርቫይዘርነቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

ስለዚህ ለእኔ የረጅም ጊዜ ውል የተለየ ጥቅም አይደለም። የአገልግሎቱ ልቡ እሱ ነው። ኪራዩ ርካሽ መሆኑ ጥሩ ነው፣ እውነት ነው፤ እኔ በወር ወደ 650 ፓውንድ እከፍላለሁ፣ በእኛው ብሎክ ያው ዓይነት ቤት በግል 2,800 ነው። ግን ሰው በርካሽ ኪራይ ውስጥም እየተጨነቀ ሊኖር ይችላል። ጎረቤቴ ከ2014 እስከ 2019 እንደዚያ ነበረች።

እና ያው ዓይነት ቤት በግል 2,800 የሆነው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ልጅ ንዴት ወደ ትክክለኛው ቦታ ቢሄድልኝ የምወደው። ከእኛ በላይ ያለው ቤት የካውንስል ነበር። ተከራዩ በቅናሽ ገዛው፣ ከዓመታት በኋላ ሸጠው፣ የገዛው ሰው አከራየው። ሰውየውን አልወቅስም፣ ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። ግን ያ ቤት ከወረፋው ወጣ። ከ1980 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት እንዲህ ተሽጧል። የተሸጠውን ያህል የሚተካ አልተሠራም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እኮ የብሪታንያ ካውንስሎች በአንድ ዓመት ብቻ 200 ሺህ ቤት ያስገነቡበት ጊዜ ነበር፣ ያውም ከጦርነት በወጣ አገር። በ1979 ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ የካውንስል ተከራይ ነበር። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ከ1.3 ሚሊዮን ቤተሰብ በላይ ነው። ቴምፖራሪ ውስጥ ያለው ከ120 ሺህ በላይ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ለንደን ውስጥ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ካውንስሎች በርካሽ የሸጡትን ቤት ዛሬ ከግል አከራይ መልሰው በውድ ተከራይተው ቤት የሌለውን ሰው ያስቀምጡበታል። የአክስቴ ልጅ ያለችበት ስቱዲዮ ራሱ ድሮ የካውንስል የነበረ ብሎክ ውስጥ ነው።

ስኮትላንድ ሽያጩን በ2016 አቆመች። ዌልስ በ2019። እንግሊዝ አላቆመችም፣ ግን በኅዳር 2024 ቅናሹን በጣም ቆረጠችው፤ ለንደን ውስጥ ከ136,000 ፓውንድ በላይ ይደርስ የነበረው በአብዛኛው ቦታ 16,000 ሆነ። ዘግይቷል፣ ግን ጥሩ ነው እላለሁ። እኔም ድሮ ልግዛ ብዬ አስቤ አውቃለሁ፣ አልደብቅም። ብድሩን የሚሰጠኝ ባላገኝ ነው የቀረው።

ወደ ጥገናው ልምጣ። እዚህ ላይ አዝናለሁ።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እናቴ በወር የምትከፍለው ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያነሰ የሆነበት ዘመን ደርሷል። ማንም አያስወጣንም ነበር። ግን ጣሪያው ያፈስ ነበር። ክረምት ሲመጣ ባልዲ ደርድረን ነው የምንተኛው። ቀበሌው የሚያሳድስበት ገንዘብ የለውም፣ እኛ እንዳናድስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋስትና ብቻውን ቤት እንደማይሆን ከልጅነቴ አውቃለሁ።

ለንደን ውስጥም ያንን ባልዲ አገኘሁት። በ2018 የሴት ልጄ መኝታ ቤት ጥግ ላይ ሻጋታ ወጣ። ደወልኩ። መስኮት ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። እንደገና ደወልኩ። የሚመጣ ሰው ቀጠሩልኝ፣ ከሥራ ቀርቼ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ከላይኛው ቤት የሚወርድ ቱቦ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ፣ በሁለት ሰዓት ተጠግኖ አለቀ። ልጄ ያን ዓመት ሙሉ ስታስል ከረመች።

የካውንስል ሠራተኞችን ብቻ አልወቅስም። ከ2016 ጀምሮ ለአራት ዓመት ኪራይ በየዓመቱ 1 በመቶ እንዲቀንስ መንግሥት አዝዞ ነበር። እኛ ተከራዮች ደስ አለን። ጥገናው ግን ከዚያው ኪራይ ነው የሚወጣው። የእናቴን ቤት ያስታወሰኝ ይሄ ነው።

ሻጋታ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ 2020 ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢስሐቅ የሚባል የሁለት ዓመት ልጅ በቤቱ ሻጋታ ምክንያት ሞቷል። በስሙ የወጣው የአዋብ ሕግ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ አደገኛ ነገር ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መጥተው መመርመር አለባቸው። ሻጋታ ያለባችሁ፣ በስልክ ብቻ አትናገሩ። ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ያዙ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ ነው ያጠፋሁት። እና ግሬንፌልን፣ በእሳት የነደደውን የለንደን ፎቅ፣ የማይረሳ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሰኔ 14፣ 2017፣ 72 ሰው። ከእኛ አገር ሰዎችም ነበሩበት። ተከራዮቹ ስለ ደኅንነታቸው ቀድመው ጮኸው ነበር። ተከራይ ሲናገር አለመስማት ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም።

ነጥብ ስጪ ብባል፣ ለውሉ ዋስትና 5 ከ5። ለኪራዩ 5። ለጥገናው 2፣ ያውም አንዱ ነጥብ ቱቦውን ላገኘው ሰውዬ ነው። ለወረፋው አሠራር 3፤ ባንዱ ግልጽ ነው፣ ማየት ትችላለህ፣ ግን ሰው 112ኛ መሆኑን በየሳምንቱ እያየ መኖሩ ልብ ይሰብራል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ካውንስል ቤቱን አከራይቶ አገር ቤት ሄዶ ዓመት የሚቀመጥ፣ ወይም ሌላ ቦታ እየኖረ ቁልፉን ለሰው ሰጥቶ ትርፍ የሚበላ አለ። ከእኛም ውስጥ አለ። ይሄ ብልጠት አይደለም። የአክስቴን ልጅ ልጆች ክፍል መውሰድ ነው። ከ2013 ጀምሮ ወንጀልም ነው። «ማንም አልተጎዳም» የሚሉኝ ሰዎች አንድ ቀን ስቱዲዮዋ ሄደው የልጆቹን አልጋ ይዩ። አንዱ ከምድጃው አጠገብ ነው።

እንግዲህ የእኔ ነገር። ወንድ ልጄ በ2021 ወጣ፣ ሴቷ በ2024 ለሥራ ማንችስተር ሄደች። ሁለት ክፍል ባዶ ነው። ኪራዬን ከደሞዜ ስለምከፍል የቤድሩም ታክስ አይነካኝም። በቤኔፊት (በመንግሥት ድጎማ) የሚኖር ሰው ግን ለአንድ ትርፍ ክፍል ከሚደጎመው ኪራይ 14 በመቶ፣ ለሁለት 25 በመቶ ይቀነስበታል፣ ጡረተኛ ካልሆነ በቀር። በ2013 ሲመጣ ብዙ ሰው ትንሽ ቤት ፈልጎ አጣ፣ ምክንያቱም የሚዛወርበት ባለ አንድ መኝታ የለም። እየተቀጣ እዚያው ቀረ። ሰውን በቅጣት ማስለቀቅ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄድበት ይኑር።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የምመልሰው ይሄ ነው። አይ፣ ልክ አይደለም። ሦስት መኝታ ለእኔ ብቻዬን አይገባኝም። ግን ዋስትናዬን ከእኔ ነጥቀው ቢሰጡሽ አንቺም በአምስት ዓመቱ ትነጠቂያለሽ። የምፈልገው እኔ ሳልባረር፣ ወድጄ፣ ሰፈሬን ሳልለቅ እንድዛወር መንገዱ እንዲከፈት ነው። ይሄ መንገድ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ትልቅ ቤት ለሚለቅ ተከራይ ብዙ ካውንስሎች ከፍ ያለ ቅድሚያ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹም ለሚለቀቀው ክፍል ገንዘብ ይከፍላሉ። ከተከራይ ጋር ቤት መለዋወጥም ይቻላል። ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ የለንደን ተከራዮች ወደ ባሕር ዳርና ገጠር የሚሄዱበት ፕሮግራምም አለ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ ባሕር ዳር የትም አልሄድም።

ካመለከትኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ያስፈራኝ አንድ ነገር ነበር፣ አዲሱ ቤት ላይ ውሌ ይቀየራል ወይ። ከሚያዝያ 2012 በፊት ሴኪዩር የነበረ ተከራይ ወደ ሌላ የሶሻል ቤት (የካውንስል ወይም የቤት ማኅበር ቤት) ሲዛወር ያው ዋስትና ይከተለዋል፣ በራሱ ምርጫ ኪራዩ ወደ ገበያ የተጠጋ ቤት ካልወሰደ በቀር። የምትዛወሩ ሁሉ ይሄን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ በጽሑፍ ተመለሰልኝ፣ ደብዳቤውን ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ይሄ ዋስትና ባይኖር ኖሮ፣ እውነቱን ልናገር፣ አልነቃነቅም ነበር። ብዙ አሮጊቶች ባዶ ክፍል ታቅፈው የሚቀመጡት ስስት ይዟቸው ሳይሆን የያዙትን እንዳያጡ ፈርተው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ባለ አንድ መኝታ አየሁ። ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው፣ መሬት ቤት፣ ትንሽ በረንዳ አለው። ኩሽናው ጠባብ ነው፣ ምጣዴን የት እንደማስቀምጥ ገና አላወቅኩም። እሺ ብያለሁ።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ደስ አላት፣ ከዚያ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ቤት ለእሷ አይደርሳትም። የተመዘገበችው በሌላ ካውንስል ነው። ሁለታችንም እናውቀዋለን። «ለሌላ ልጆች ይሁን» አለችኝ በመጨረሻ።

አሁን ዕቃ እያሰርኩ ነው። ማን እንደሚገባበት አይነግሩኝም። ለሃውዚንግ ኦፊሰሯ አንድ ወረቀት ጽፌ ትቼላታለሁ፣ ለአዲሶቹ ስጪልኝ ብዬ፦ የመታጠቢያ ቤቱ በር ቁልፍ ትንሽ ያስቸግራል፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ነው የምታዞሩት። ፀሐይ ጠዋት የምትገባው በትንሿ ክፍል ነው፣ ለልጆች እሷን አድርጉት። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ጥሩ ሰው ናት፣ ቡና ካማራችሁ አንኳኩ።